የመሸበት እንግዳ እና ትኬት የቆረጠ እንግዳ

«እንግዳ በመጀመሪያው ቀን ወርቅ፣ በሁለተኛው ብር፣ በሦስተኛው ብረት» ይላል ያገራችን ሰው። እንግዳ ክቡር ነው፤ ብቻ አይሰንብትብን ነው ነገሩ። የባሕር ዳር ባለ ሆቴሎች ግን ተረቱን ገልብጠው ነው የሚቆጥሩት። ጢስ ዓባይን አይቶ፣ አንድ ሌሊት አድሮ ወደ ጎንደር የሚፈተለክ እንግዳ ለእነሱ ብረት ነው። ሁለት ካደረ ብር። ሦስተኛውን ሌሊት ካደረማ ወርቅ።

ሰሞኑን ከተማው ውስጥ የማገኘው ሰው ሁሉ ጥያቄው አንድ ነው፦ «ቱሪስቱ መቼ ይሆን የሚመለሰው?» እኔም እጠይቃለሁ። ግን መቼ እንደሚመለስ ለመገመት መጀመሪያውኑ እንዴት እንደመጣ ማወቅ ይጠቅማል። እንዴት እንደመጣ ስናይ ደግሞ ለምን እንደቀረም ይገባናል።

ጎጃም ለመንገደኛ አዲስ አይደለም። ቱሪዝም የሚለው ቃል ሳይሰማ በፊት አገሩ በተጓዥ የተሞላ ነበር። የቆሎ ተማሪው ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ቅኔ ፍለጋ ዋሸራና ጎንጅ ይሄዳል። ሲራራ ነጋዴው ከባሶ ገበያ ተነስቶ፣ ዓባይን ተሻግሮ ጉድሩ ይዘልቃል። ሱባኤ የሚገባው በታንኳ ወደ ጣና ገዳማት ይቀዝፋል። ሲመሽበት አንዱ ደጃፍ ይቆምና «የመሸብኝ የእግዜር እንግዳ ነኝ፤ አሳድሩኝ» ይላል። እግሩ ይታጠባል። ያለው ይቀርብለታል። መደብ ላይ ይተኛል። ሲነጋ «እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ ይነሳል። ሒሳብ የሚባል ነገር የለም።

ይህን ሳወራ ግን ሁሉን ነገር ማር ማድረግ አልፈልግም። የቆሎ ተማሪ ከነበሩ አባቶች ጋር ያወራ ሰው ውሻውን ያውቃል። ረሃቡን ያውቃል። «ዛሬስ የት አድር ይሆን?» የሚለውን ጭንቀት ያውቃል። በእግዜር ስም የሚደረግ ጉዞ ደግ ሰው እስካገኘ ድረስ ደግ ነው። ዋስትና ግን የለውም።

ዘመናዊው የጉዞ ንግድ የተጀመረው አንድ ሰው «የት አድር ይሆን?» ለሚለው ጥያቄ መልስ አዘጋጅቶ መሸጥ ሲጀምር ነው።

ሰውዬው ቶማስ ኩክ ይባላል። እንግሊዛዊ የእንጨት ሠራተኛና የባፕቲስት ሰባኪ ነበር። መጠጥ አጥብቆ የሚጠላ ሰው ነው። በእግሩ ወደ ሌስተር ከተማ ሲሄድ፣ ምእመኑን በባቡር ወደ አንድ የፀረ መጠጥ ስብሰባ ቢወስደውስ የሚል ሐሳብ መጣለት። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 5 ቀን 1841 ወደ 500 የሚጠጋ ሰው ከሌስተር ወደ ላፍቦሮ ወሰደ። ደርሶ መልስ አንድ ሽልንግ። መንገዱ ሃያ ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም። የዘመናዊ ቱሪዝም ልደት ተብሎ በየመጽሐፉ የሚጻፈው ይህ አጭር ጉዞ ነው።

እኔ ይህን ታሪክ መጀመሪያ ሳነብ አልገረመኝም። ምክንያቱም አይቼዋለሁ። አዲስ አበባ እሠራ በነበረ ጊዜ ለአቡነ ዘርዓ ብሩክ በዓል፣ ጥር 13፣ የዓባይ ምንጭ ወዳለበት ሰከላ፣ ወደ ግሽ ዓባይ ሄጄ ነበር። የታክሲ መስታወት ላይ የተለጠፈ ማስታወቂያ ነው የወሰደኝ፦ «ደርሶ መልስ፣ ምግብና መኝታን ጨምሮ»። አስተባባሪዋን ሁላችንም «እትዬ» ነበር የምንላት። በእጇ የተማሪ ደብተር ይዛለች። እያንዳንዳችን በደብተሩ ላይ ቁጥር አለን። አውቶቡሱ በቆመ ቁጥር በሩ ላይ ትቆምና ትጠራለች። «34! 34 የታለች? ሽንት ቤት ከሆነች አንድ ሰው ይሂድላት።» የዓባይን በረሃ ወርደን የደጀንን አቀበት ስንያያዝ መኪናው ሞቀና ቆመ። ሰው ማጉረምረም ጀመረ። እትዬ ምንም አልመሰላት። ደጀን ላይ የምታውቀው መካኒክ ጋ ደወለች። ከዚያ ከፌስታል ዳቦ ቆሎ አውጥታ ለሁሉም እፍኝ እፍኝ አደለች። መካኒኩ ሲደርስ ሰው ሁሉ መዝሙር ላይ ነበር።

ያ ዳቦ ቆሎ ነው ኢንዱስትሪው። መንገዱንማ ማንም ያውቀዋል። በግሉ ተሳፍሮ ሰከላ መግባት የሚችል ሰው አውቶቡሱ ውስጥ ሞልቶ ነበር። ለእትዬ የከፈልናት መኪና ሲሞቅ መካኒክ የምታውቅ ሰው ስለሆነች ነው። ቶማስ ኩክም የሸጠው እሱኑ ነው። በ1845 ለትርፍ የሚደረግ ጉዞ ጀመረ። በ1868 የሆቴል ኩፖን አወጣ፤ ተጓዡ አገሩ ላይ ከፍሎ የሰው አገር ሆቴል ያድርበታል። በ1874 ደግሞ በደረሰበት ሁሉ የሚመነዘር የክፍያ ሰነድ አተመ። እያንዳንዱ አንድ ጭንቀት ይቀንሳል። መኝታው፣ ገንዘቡ፣ ቋንቋው።

በ1869፣ የስዊዝ ቦይ በተከፈተበት ዓመት፣ ኩክ የመጀመሪያዎቹን ደንበኞቹን ይዞ ግብጽ ገባ። በናይል ላይ በእንፋሎት መርከብ አንሸራሸራቸው። እዚህ ላይ ጎጃሜ የሆነ አንባቢ ትንሽ ቅር ሊለው ይገባል። ከሰከላ የተነሳው ውኃ ጅራቱ ካይሮ ላይ በትኬት ሲቸበቸብ፣ ራሱን ለማየት የሚመጣ ሰው ገና በበቅሎ፣ ድንኳንና ጠባቂ ይዞ ነበር።

ስለ ምንጩ ሲወራ ሁለት ፈረንጆች ይነሳሉ። ፔድሮ ፓኤዝ የተባለው የኢየሱሳውያን ቄስ እ.ኤ.አ. በ1618 ከአፄ ሱስንዮስ ጋር መጥቶ አየው። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በኅዳር 1770 ደረሰና የመጀመሪያው እኔ ነኝ አለ። ፓኤዝን ጭራሽ አልመጣም ብሎ ካደው። ከዚያ በኮኮናት ቅል ውኃውን ቀድቶ ለንጉሡ ጤና ጠጣ። የአካባቢው ሰው ለጸበል የሚጠጣውን እሱ ለዝና ጠጣው ማለት ነው። ሰው «አገኘሁት» ብሎ ሲከራከር የአገሬው ባለቤት ቆሞ ማየቱ ዛሬም በየጉብኝት ቦታው ያለ ነገር ነው። በኋላ ደግሞ ሮበርት ቺዝማን የተባለ የእንግሊዝ ቆንስል እ.ኤ.አ. ከ1925 ጀምሮ ዳንግላ ተቀምጦ ጣናንና የዓባይን ሸለቆ እየዞረ ካርታ ሠርቷል። እነዚህ ሁሉ አሳሾች ናቸው። ሲመሽባቸው ድንኳን ይተክላሉ። ባለ ሆቴል አያበለጽጉም።

አሳሽ ቱሪስት እንዲሆን ሁለት ነገር ያስፈልጋል። ትርፍ ጊዜና ፈጣን መጓጓዣ። ትርፍ ጊዜው የመጣው ሠራተኛው ታግሎ ደመወዝ ያለው ዕረፍት ሲያገኝ ነው። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ1936 ለሠራተኛ ሁሉ የሁለት ሳምንት ዕረፍት በሕግ ደነገገች። ፍጥነቱን አውሮፕላን አመጣው። ቦይንግ 707 በ1958 መንገደኛ ማመላለስ ጀመረ። 747 በ1970 ተከተለ። በአንድ በረራ ብዙ ሰው ሲጫን ወንበሩ ረከሰ። በ1950 ድንበር ተሻግሮ የሚጎበኝ ሰው በዓለም ላይ 25 ሚሊዮን ገደማ ነበር። በ2019 ከ1.4 ቢሊዮን በላይ ደረሰ።

ወደ እኛው እንመለስ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያ በረራውን ወደ ካይሮ ያደረገው መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. ነው። እ.ኤ.አ. በ1961 የቱሪስት ድርጅት ተቋቋመ። ሥራውን የመሩት ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ የኢትዮጵያ ቱሪዝም አባት ይባላሉ። «የ13 ወር ፀጋ» የምትለዋን መፈክር የፈጠሩት እሳቸው ናቸው። ጳጉሜን ለማስታወቂያ ማዋል! እስከ 2016 እ.ኤ.አ. ድረስ፣ «ምድረ ቀደምት» እስኪተካት፣ ያቺው መፈክር ነበረች አገሪቱን ስትሸጥ የኖረችው። እኔ ዛሬም አሮጌዋን እመርጣለሁ።

ያን ጊዜ የተዘረጋው መስመር እስካሁን አልተለወጠም። ባሕር ዳር፣ ጎንደር፣ አክሱም፣ ላሊበላ። ታሪካዊው መስመር ይሉታል። እውነቱን ለመናገር ግን መስመሩን የሠራው ታሪክ ብቻ አይደለም፤ አውሮፕላን ማረፊያም ነው። ፈረንጁ ያለው ሁለት ሳምንት ነው። በመኪና ከሄደ ግማሹ መንገድ ላይ ያልቃል። አውሮፕላን በሚያርፍበት ይወርዳል፤ በማያርፍበት ላይ ደግሞ በደመና ያልፋል።

ለምሥራቅ ጎጃም ይህ ምን ማለት እንደሆነ ደብረ ማርቆስ ላይ ምሳ የበላ ሰው ያውቀዋል። የቱሪስት መኪና ከአዲስ አበባ በጠዋት ይነሳል። በምሳ ሰዓት ማርቆስ ይደርሳል። እንግዶቹ ፓስታ ይበላሉ፣ ሽንት ቤት ይገባሉ፣ ፎቶ ያነሳሉ፣ ይሄዳሉ። የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ከተማ፣ የጥንቷ መንቆረር፣ ለቱሪዝም የምሳ ሰዓት ሆና ቀረች። ደብረ ወርቅ፣ ዲማ ጊዮርጊስ፣ የንግሥት እሌኒዋ መርጡለ ማርያም ከመንገዱ ገባ ስለሚሉ ምሳም የላቸው። ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው፣ የስንት ወንዝ መነሻ የሆነው ጮቄ ጅብራውን እንደተሸከመ በሩቁ ይታያል። ችግሩ የቦታው አይደለም። ወደዚያ የሚሄድ ሰው «የት አድር ይሆን?» ሲል ቁርጥ ያለ መልስ የሚሰጠው አልነበረም።

ደርግ መጣ። ድርቅ፣ ጦርነት፣ ለመንቀሳቀስ የይለፍ ወረቀት። ስለዚያ ዘመን ቱሪዝም ብዙ የሚወራ የለም።

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ነው ባሕር ዳር የተስፋፋችው። ጀልባው በዛ፣ አስጎብኚው ተደራጀ፣ ሆቴል በባንክ ብድር ተሠራ። ገንዘቡ እንዴት እንደሚሄድ በአንድ ቡድን እንየው። አሥራ ሁለት ሰው ጠዋት ወደብ ላይ ደረሰ እንበል። ጀልበኛው ነዳጅ ይሞላል። ዘጌ ላይ የአካባቢው አስጎብኚ ይቀበላቸዋል። ዑራ ኪዳነ ምሕረት የመግቢያ ይከፍላሉ፤ ሥዕሉን ያያሉ። ወደ ክብራን ገብርኤል ሲሆን ሴቶቹ አይገቡም፤ ወንዶቹ ገብተው እስኪመለሱ ጀልባ ላይ ይጠብቃሉ። ሲመለሱ በቡናው ጫካ መሀል ያለችው ልጅ የዘጌን ቡና አፍልታ ትጠብቃለች። አንዷ በፍየል ቆዳ ላይ የተሣለ ሥዕል ትገዛለች። አንዱ ከደንገል የተሠራች ትንሽ ታንኳ። ከሰዓት ዓሣ ጥብስ። ማታ አንሶላቸውን የምታጥበው ሴት፣ ጠዋት ባጃጅ፣ ሊስትሮ። የውጭው አስጎብኚ ድርጅት፣ አየር መንገዱና የአዲስ አበባው ወኪል ድርሻቸውን ቀድመው ወስደዋል። ቢሆንም የተረፈችው ፍርፋሪ ስንት ቤት እንደምታዳርስ ቁጠሩት።

ጢስ ዓባይ ደግሞ ራሱን የቻለ ጉድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 ፏፏቴው አጠገብ የኤሌክትሪክ ማመንጫ ተሠራ። እ.ኤ.አ. በ2001 ሁለተኛውና ትልቁ ሲጨመር ውኃው ወደ ተርባይኑ ዞረ። በዓለም ፖስትካርድ ላይ ነጭ ጢስ የሚያወጣውን ገደል ሊያይ የመጣ እንግዳ ቀጭን ክር የመሰለ ውኃ ያይና «ይሄ ነው?» ይላል። አስጎብኚው አፍሮ «ክረምት ቢመጡ ኖሮ» ይላል። መብራት አያስፈልግም የሚል የለም። ግን መብራቱና ፏፏቴው አንድ ውኃ ሲሻሙ የቱሪስቱን ወገን ሆኖ ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠ ሰው የነበረ አይመስለኝም። በ2002 ዓ.ም. 460 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ጣና በለስ ከራሱ ከሐይቁ ውኃ መሳብ ጀመረ። ቀጥሎ እምቦጭ ሐይቁን ወረረው፤ ጀልባውም ሞተሩም አሳሩን አየ።

በዚህ መሀል የባሕር ዳር ሆቴል ማን እንዳኖረው ታውቃላችሁ? ስብሰባ። ሥልጠና፣ ዎርክሾፕ፣ የሦስት ቀን ግምገማ። ሻይ ዕረፍት ላይ ብስኩት የሚበላው አበልተኛ ከፈረንጁ የበለጠ ሌሊት አድሯል ብል የሚከራከረኝ ባለ ሆቴል ያለ አይመስለኝም። እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ ጣና ፎረም የሚባለው የአፍሪካ የጸጥታ ጉባኤ መሪዎችን ሰብስቧል። ቅዳሜና እሑድ ደግሞ ሠርግ። ስለ ቱሪዝም ሲወራ ሁሉም ፈረንጅ ፈረንጅ ይላል፤ አልጋውን ያሞቀው ግን የራሳችን ሰው ነው።

ከዚያ ኢንተርኔቱ መጣ። ቡኪንግና ኤክስፒዲያ እ.ኤ.አ. በ1996፣ ትሪፕ አድቫይዘር በ2000፣ ኤርቢኤንቢ በ2008። የቶማስ ኩክ ኩፖን ወደ ስልክ ገባ። አሁን እርግጠኝነቱን የሚሸጠው ድርጅት ብቻ አይደለም። ትናንት የተኛ ሰው የጻፋት አስተያየትም ናት። አንድ የማውቀው አስጎብኚ የሠራው ሁሉ በስልኩ ነበር፤ ጥያቄው፣ ቀጠሮው፣ ክፍያው። ከ2015 ዓ.ም. በኋላ አማራ ክልል ውስጥ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲጠፋ ሱቁ ተዘጋበት ማለት ነው። ኢንተርኔቱ ሲመለስ የመጀመሪያው መልእክት የደረሰው ከአምስት ወር በፊት የተጻፈ ነበር። «በዚህ ሳምንት ጀልባ አለ ወይ?» የሚል።

በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ኮሮና ገባ። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ተነሳ፤ አክሱምና ላሊበላ ተቆረጡ። ታሪካዊው መስመር እንደ መቁጠሪያ ነው፤ ክሩ አንድ ቦታ ሲበጠስ ሌላውም ይፈስሳል። ላሊበላን ማየት ያልቻለ ሰው ባሕር ዳር ብቻ ብሎ ውቅያኖስ አያቋርጥም። ከዚያ የክልላችን ግጭት መጣ። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ጎጃም ውስጥ ስለሆነው ሁሉ እዚህ ልዘርዝር አልልም፤ የሞተው ሰው ከሆቴል አልጋ ጋር አይወዳደርም። ስለ ንግዱ ብቻ ልበል።

ብዙ ሰው የሚመስለው ፈረንጁ ፈርቶ የቀረ ነው። ፍርሃቱ አለ። ግን ከፍርሃቱ በፊት አንድ ወረቀት አለ። የእንግሊዝን ምሳሌ እንውሰድ። የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ በድረ ገጹ ላይ የትኛው አገር የትኛው አካባቢ እንደማይኬድ ይጽፋል። አንድ ቦታ «አትሂዱ» ከተባለ ብዙዎቹ የጉዞ መድን ውሎች እዚያ ለደረሰ ነገር አይከፍሉም። መድን ከሌለ አስጎብኚ ድርጅቱ ጉብኝቱን አይሸጥም። ሰውዬው ደፋር ቢሆንም፣ ጎጃምን ቢወድም፣ የሚሸጥለት የለም። ለንደን ላይ የተጻፈች አንዲት አንቀጽ ባሕር ዳር ላይ ጀልባ ታስራለች። እርግጠኝነትን የሚሸጥ ንግድ እርግጠኝነት ሲጠፋ የሚሸጠው የለውም። ግንቦት 3 ቀን 2016 ዓ.ም. የተመረቀው 380 ሜትር የሚረዝም አዲሱ የዓባይ ድልድይ በጣም ያምራል። ማታ መብራቱን ለማየት የከተማው ሰው ይወጣል። ድልድዩ ግን ያችን አንቀጽ አይሽራትም።

የቶማስ ኩክ ስም የወጣለት ድርጅት ራሱ በመስከረም 2019 እ.ኤ.አ.፣ በተወለደ በ178 ዓመቱ፣ ዕዳ አንቆት ሞተ። ከ150 ሺህ በላይ እንግሊዛውያን ደንበኞቹ በየባሕር ዳርቻው ቀሩ። የአገራቸው መንግሥት አውሮፕላን ተከራይቶ ሰበሰባቸው። እንግዳው እንዲህ ነው፤ መድን አለው፣ ዋስ አለው፣ መንግሥት አለው። ሰንሰለቱ ሲበጠስ በሌላኛው ጫፍ ላይ ያለው ጀልበኛስ?

ባለፈው ወደብ አካባቢ ስዞር አንዱን አገኘሁት። ስልሳን የተጠጉ ሰው ናቸው። ጀልባቸው ላይ ሸራ ተዘርግቷል፤ ለቱሪስት ተብሎ የተቀባው ሰማያዊ ቀለም ተልጧል።

«ጋሼ፣ ሥራ እንዴት ነው?» አልኳቸው።

«ምን ሥራ አለ ልጄ። ሞተሩ እንዳይደርቅ ጠዋት ጠዋት አስነሳዋለሁ።»

«ጭራሽ ሰው የለም?»

«ኧረ ሰውስ አለ። ትናንት ዘጌ ለቅሶ ደራሽ ጭኜ ሄድኩ። ስመለስ ሁለት ማዳበሪያ ቡና ጫኑብኝ።» ሳቅ አሉ። «አንዲት መነኩሲት ብር የለኝም አሉኝ። ይግቡ እማሆይ አልኩ፤ ምን ይደረጋል።»

ሸራውን ገለጥ አድርገው ወንበሩን አሳዩኝ። የሕይወት ማዳኛ ጃኬቶቹ እንደታጠፉ አሥራ ሁለቱም ቦታቸው ላይ አሉ። አንዱ ላይ ዶሮ ተኝታበታለች።